«ነጻ» እና «በነጻ»፤ ስለ ክፍት ሶፍትዌርና ስለ ጽሕፈታችን የቀረበ ሂስ

ጽሕፈት ከንግግር የሚበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር፥ ተናጋሪው ዝም ካለ በኋላም መናገሩ ነው። አባቶቻችን ብራና ፍቀው፥ ቀለም በጥብጠው፥ ብርዕ ቀርጸው ያቆዩልንን መጻሕፍት ከአምስትና ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ፊደል የቈጠረ ሰው ሁሉ ፊደላቸውን ለይቶ ሊያነብ ይችላል። በዚህ በኛ ዘመን ግን፥ ከተጻፈ ሠላሳ ዓመት እንኳ ያልሞላው ጽሑፍ፥ ሳይፋቅና ሳይቀደድ ሊነበብ የማይችል ሆኖ ይገኛል ብል፥ አንባቢ ማጋነን ይመስለው ይሆናል። ስለዚህ ይህን ሐተታ በዓይኔ ካየሁት ነገር እጀምራለሁ።

የምሠራው በአዳማ ከተማ ከሚገኝ አንድ የመንግሥት ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ነው። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው የአገልግሎት ዘመናቸውን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ፍለጋ ከባቱ ድረስ መጡ። የሰባት ዓመት አገልግሎት ከጡረታ ሒሳባቸው ሳይገባ ቀርቶባቸው ነበር። የወረቀቱን ፋይል ብንፈልገው፥ ጣራው በሚያፈስ ዕቃ ቤት ውስጥ ርሶ፥ ገጹ ከገጽ ተጣብቆ አገኘነው። ደግነቱ የደብዳቤው ግልባጭ በ1992 ዓ.ም. በኮምፒዩተር ተጽፎ ተቀምጦ ነበርና፥ ደስ ብሎኝ ከፈትሁት። የታየው ግን አማርኛ አልነበረም፤ የላቲን ፊደል፥ የጥያቄ ምልክትና የሒሳብ ምልክት የተደባለቀበት ዝብርቅርቅ ነበር። ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ «ልጄ፥ ይህ የየት አገር ጽሕፈት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አማርኛ ነው፥ አባባ» አልኋቸው። «እንግዲያማ አንብብልኝ» አሉኝ። ለማንበብ አልቻልሁም።

የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በመልኩ ሳይሆን በቍጥር ነው። ለያንዳንዱ ሆሄ አንድ ቍጥር ይሰጠዋል፤ ቍጥሩ ሲነበብ መልኩ ይሣላል። የኛ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው የመዝገቡ ሦስተኛ እትም በወጣ ጊዜ፥ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ከኮምፒዩተር ጋር እንዲስማማ በውጭ አገር ሆነው ከደከሙት መካከልም ፍሥሐ አጥላውና ዳንኤል ያዕቆብ ይገኙበታል። ከዚያ በፊት ግን የአማርኛ ፕሮግራም የሚሠራው ሁሉ ለላቲን ፊደላት የተመደቡትን ቍጥሮች እየወሰደ፥ እንደ ፈቃዱ ለኛ ሆሄያት ያድላቸው ነበር። አንዱ ለ«ሀ» የሰጠውን ቍጥር ሌላው ለ«ጠ» ይሰጠዋል። ስለዚህ አዳማ ላይ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ፥ ሌላ ፕሮግራም በሚሠራበት በሞጆ ወይም በሻሸመኔ መሥሪያ ቤት ሲከፈት ትርጕም አይሰጥም ነበር።

የከተማችን ሰው ይህን በባቡር ምሳሌ በቀላሉ ይረዳዋል። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል አንድ ሜትር ስፋት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ ሐዲድ ደግሞ 1.435 ሜትር ነው። ሁለቱም በአዳማ በኩል የተዘረጉ ሲሆኑ የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ ሊሄድ አይችልም። ልዩነቱ፥ የሐዲዱን ስፋት ማንም ሰው በሜትር ለክቶ ሲያውቀው፥ የኛን ፕሮግራም የሸጠልን ነጋዴ ግን የቍጥሩን ሠንጠረዥ ከዕቃው ጋር አለመስጠቱ ነው። እርሱን ብንፈልገው ሱቁን ዘግቶ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል። የመንግሥት መዝገብ ቍልፍ በአንድ ነጋዴ ኪስ ውስጥ ሆኖ ጠፍቶ ነበር ማለት ነው።

መፍትሔው የተገኘው ካላሰብነው በኩል ነው። የኮምፒዩተር ትምህርት የሚማር የአንድ ባልደረባዬ ልጅ፥ የቀድሞ የአማርኛ ጽሑፎችን ወደ ዩኒኮድ የሚመልስ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አወረደ። ፕሮግራሙ የኛን የፊደል ዓይነት አያውቀውም ነበር። ሠሪው ግን አሠራሩን ከነዝርዝሩ ገልጦ ስለ ተወው፥ ልጁ በወረቀት የተረፉትን የቀድሞ ደብዳቤዎቻችንን ከዝብርቅርቁ ጋር ሆሄ በሆሄ እያስተያየ፥ የጐደለውን ሠንጠረዥ በሦስት ማታ ጨመረበት። ደብዳቤው ተነበበ። ቍጥሩና ቀኑ ከወጪ ደብዳቤ መዝገቡ ጋር ተመሳክሮ ልክ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ የሽማግሌው ሰባት ዓመት ተመለሰላቸው።

ይህ ዓይነቱ ሥራ በፈረንጆቹ አጠራር ኦፕን ሶርስ ይባላል፤ ምንጩ ክፍት የሆነ ማለት ነው። ሶፍትዌር ለኮምፒዩተሩ የሚሰጥ የትእዛዝ ዝርዝር ሲሆን፥ ሠሪው በመጀመሪያ ሰው ሊያነበው በሚችል ቋንቋ ይጽፈዋል፤ ምንጩ የሚባለው ይኸው ነው። ነጋዴው አብዛኛውን ጊዜ ምንጩን ሸሽጎ፥ ማሽኑ ብቻ የሚረዳውን ቅጅ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ፥ ፕሮግራምን ማንም ሰው ለወደደው ጕዳይ ሊሠራበት፥ ሊመረምረው፥ ሊያሻሽለውና ለሌላው ሊያካፍለው ይገባል ብሎ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑክስን ለሕዝብ አቀረበ። ዛሬ ብዙዎቻችን በኪሳችን የምንይዘው የአንድሮይድ ስልክ መሠረቱ ይኸው ሊኑክስ ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋችን አንድ መልካም ነገር አለው። እንግሊዞች ያለ ዋጋ የሚገኘውንም አርነት ያለውንም በአንድ ቃል ስለሚጠሩ፥ በዚህ ጕዳይ ብዙ ተከራክረዋል። አማርኛ ግን በአንዲት «በ» ይለያቸዋል። «በነጻ አገኘሁት» የሚል ሰው ስለ ገንዘቡ ይናገራል፤ «ነጻ ነው» የሚል ሰው ስለ ነገሩ ጠባይ ይናገራል። የኛ ጕድለት ይህችን «በ» መዘንጋታችን ነው። በከተሞቻችን ምንጩ የተዘጋው ውድ ፕሮግራም ያለ ፈቃድ እየተገለበጠ በጥቂት ብር ይጫናል። ስለዚህ ለአንድ የቢሮ ሠራተኛ «ክፍቱ ሶፍትዌር ዋጋ የለውም» ብትለው፥ «የያዝሁትም ዋጋ አላስከፈለኝም» ብሎ ይመልስልሃል። በነጻ ያገኘው ነገር ነጻ አለመሆኑን የሚያውቀው፥ እንደ ኔ የሚከፈት ፋይል ያጣ ዕለት ነው።

ይህ ሐሳብ ለኛ አዲስ አይደለም ለማለት እደፍራለሁ። በአገራችን ሁለት ዓይነት ዐዋቂዎች ነበሩ። አንደኛው መድኃኒተኛው ነው፤ የሥሩንና የቅጠሉን ስም ከሰው ሁሉ ሸሽጎ፥ ለአንድ ልጁ ብቻ ይነግራል፤ ልጁ ከቀደመው ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራል። ሁለተኛው ቁም ጸሐፊው ነው፤ የሌላውን መጽሐፍ እያየ ይገለብጣል፥ የርሱንም ሌላው ይገለብጠዋል፤ በመጨረሻው ገጽ የጸሐፊውንና የአስጻፊውን ስም ጽፎ፥ የሚሰርቀውንና የሚፍቀውን ሰው በውግዘት ያስራል። መገልበጥ የተፈቀደ፥ መፋቅ ግን የተከለከለ ነበር። የዛሬው የክፍት ሶፍትዌር ፈቃድም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ውሰድ፥ አሻሽል፥ አካፍል፥ ነገር ግን የሠሪውን ስም አታጥፋ ይላል።

እንግዲህ ሂስ ማለት ማመስገን ብቻ አይደለምና፥ በዚህ መንገድ ለፊደላችን የተሠሩትን ጥቂቶቹን እንመርምር። አቢሲኒካ የተባለው የፊደል ቅርጽ ኤስ.አይ.ኤል. በተባለው ድርጅት በክፍት ፈቃድ የወጣ ነው። የቁም ጽሕፈትን እጅ ተከትሎ የተሠራ በመሆኑ በመጽሐፍ ገጽ ላይ ያምራል፤ በስልክ ትንሽ መስኮት ላይ ግን ዓይን ያደክማል። ጉግል በክፍት ፈቃድ ያወጣው ኖቶ ደግሞ መስመሩ እኩልና ግልጥ ስለ ሆነ ለስልክ ይስማማል፤ ነገር ግን የብርዕ ለዛ ይጐድለዋል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ያቀረበው ኒያላ በቅርጹ የሚመሰገን ሆኖ ሳለ፥ ጕድለት ብናገኝበት ልናርመው አልተፈቀደልንም። ሦስቱን የማበላልጠው በውበት ብቻ አይደለም፤ የሁለቱ ጕድለት በኛ እጅ ሊቃና የሚችል፥ የሦስተኛው ግን የባለቤቱን ፈቃድ የሚጠብቅ ነው።

የመጻፊያውም ነገር እንዲሁ ነው። ኪይማን በተባለው ክፍት ፕሮግራምና በመሰሎቹ ብዙዎቻችን አማርኛ የምንጽፈው የላቲኑን ቍልፍ በድምፁ እየመታን ነው። አፋን ኦሮሞን በቁቤ የሚጽፍ ባልደረባዬ ቍልፎቹን እንዳሉ ይመታል፤ እኔ ግን «ሰ»ን ለማግኘት አስቀድሜ በላቲን አስባለሁ። መሐንዲስ አያና ብሩ ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲደክሙ ይህንኑ ችግር በብረትና በቍልፍ ታግለውታል። በክፍት ፕሮግራም ማንም መምህር ለተማሪዎቹ የሚስማማ የቍልፍ አደላደል ሊያወጣ ይችላል። በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ የሚገባበት ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የፍለጋው ጕዳይ ነው። «ኃይለ» የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በ«ኃ»፥ ሌላው በ«ሀ»፥ ሌላው በ«ሐ» ይጽፈዋል። ለጆሯችን አንድ የሆነው ለኮምፒዩተሩ ሦስት የተለያየ ቍጥር ነው። በዚህ ምክንያት መዝገቡ ውስጥ ያለ ሰው «የለም» ተብሎ ሲመለስ በየጊዜው አያለሁ። ባለ ብዙ ገበያው የውጭ ነጋዴ ይህን ለኛ ሲል ያርምልናል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ምንጩ ክፍት በሆነ የመዝገብ ፕሮግራም ግን፥ ሀ፣ ሐ እና ኀን፥ ሰ እና ሠን እንደ አንድ ቈጥሮ እንዲፈልግ ማድረግ ለአንድ ትጉህ ተማሪ የጥቂት ቀን ሥራ ነው።

ከሥራዎቹ ይልቅ ሂስ የሚገባን እኛው ነን። ማንም ሰው ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችለው የአማርኛ ዊኪፔዲያ ወደ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች ብቻ አሉት፤ ከነርሱም ብዙዎቹ ከአንድና ከሁለት መስመር አያልፉም። የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ነው። የሕዝቡ ብዛት አነስተኛ ስለ ሆነ ነው እንዳይባል፥ በቴሌግራምና በፌስቡክ ስንት ገጽ አማርኛ በቀን እንደምንጽፍ ሁላችንም እናውቃለን። ደግሞም የሌላውን ግጥምና ጽሑፍ ወስደን፥ የደራሲውን ስም ቈርጠን፥ የራሳችን አስመስለን ለወዳጅ መላክ ልማድ ሆኖብናል። ይህን መለገስ የምንለው ከሆነ ተሳስተናል፤ ቁም ጸሐፊው ያወገዘው መፋቅ ይህ ነውና።

በተቃራኒው ወገን የሚነሣው ክርክርም ሊሰማ ይገባዋል። «ፕሮግራሙ ቢበላሽ ማንን እንጠይቃለን? የሸጠልን ድርጅት ውል አለበት፤ የማይታወቅ በጎ ፈቃደኛ ግን ምን አለበት? ፕሮግራም ሠሪውስ ምን ይበላል?» የሚሉ ሹማምንት አሉ። ጥያቄያቸው እውነት አለበት፤ ሠሪያቸው ስለ ሰለቸ ብቻ ተጥለው የቀሩ ክፍት ሥራዎች ብዙ ናቸውና። ነገር ግን ክፍት መሆን ደመወዝ አይከለክልም። መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛውን ለድካሙ ሊከፍለው፥ የጥገናም ውል ሊዋዋለው ይችላል። ሠሪው ቢሄድ ሌላው ካቆመበት ይቀጥላል። የኛም ነጋዴ ውል ነበረበት፤ ሱቁ በተዘጋ ጊዜ ግን ውሉ ደብዳቤውን አላነበበልንም።

ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ ሰው ስሆን ስለዚህ ጥበብ መጻፌን ሊቃውንት እንደ ድፍረት እንዳይቈጥሩብኝ እለምናለሁ። የምመክረው ሦስት ነገር ነው። መሥሪያ ቤቶች በአሮጌ ኮምፒዩተሮቻቸው የቀሩትን የቀድሞ ጽሑፎች፥ አሮጌውን ፊደል የሚያውቁ ሠራተኞች ጡረታ ሳይወጡ፥ ወደ ዩኒኮድ ይመልሱ። ፕሮግራም የሚያሠሩ ሹማምንት ምንጩን ከዕቃው ጋር ሳይረከቡ አይፈርሙ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የሚማሩ ወጣቶችም፥ ካወቁት ውስጥ አንዷን ለፊደላቸው ወይም ለቁቤያቸው ሠርተው፥ ስማቸውን ጽፈው፥ ክፍት አድርገው ይተዉልን።

ሽማግሌው ደብዳቤውን በተቀበሉ ቀን ልጁን ሊያመሰግኑ ፈልገው ጠየቁኝ። ልጁን አሳየኋቸው፤ መረቁትም። ልጁ ግን «አባባ፥ የጀመረው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ የጨመርሁት ጥቂት ነው» አላቸው። የዚያ ሰው ስም በፕሮግራሙ ራስ ላይ ተጽፎ ነበርና አነበበላቸው። ሽማግሌውም ያላዩትን ሰው በስሙ ጠርተው መረቁት።