ከኔጋቲቩ ወደ ኋላ

አሮጌ ካሜራ እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ፊልሙ የት ይገኛል?» ብሎ ነው። እኔም መልሼ «እቤት ያረጀ ኔጋቲቭ አለ?» እላለሁ። ብዙዎቹ ጥያቄያቸውን የሸሸሁ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ፊልም ዛሬ ውድ ነው፤ አዲስ አበባም የሚገባው ባብዛኛው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ጥሩ ኔጋቲቭ ምን እንደሚመስል ዓይኑ ያልለመደ ሰው ያንን ፊልም ቢጨርሰውም ታጥቦ የሚመለስለትን ማንበብ አይችልም። ጥፋቱ የካሜራው ይሁን የራሱ፣ የአጣቢው ይሁን የስካነሩ አይለይም። ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው የተገላቢጦሹን ነው፦ ስካን ማድረግ ይቅደም፣ ካሜራው መደርደሪያ ላይ ትንሽ ይቆይ።

እንጀራዬ ይኸው ነው። ሰው የአባቱን ወይም የአክስቱን ኔጋቲቭ ያመጣል፣ እኔ ስካን አደርጋለሁ። አንዳንዴ ኔጋቲቩን ተከትሎ ካሜራውም ይመጣል። እኔ ጋ ከሚመጡት ውስጥ የማይጠፋው የሶቪየቱ ዞርኪ ነው፤ በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደዚያ የተላኩ ወጣቶች ሲመለሱ ይዘውት የገቡት። ፌድም አልፎ አልፎ አይቻለሁ። የሁለቱም ዘር ከጀርመን ይመዘዛል። ኦስካር ባርናክ ቬትስላር ከተማ በላይትዝ ፋብሪካ የሠራው ላይካ እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ቀረበ። በ1932 የወጣው ሁለተኛው ላይካ ደግሞ ርቀት መለኪያውን ከሌንሱ ጋር አገናኘው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በመምህሩ በአንቶን ማካሬንኮ ሥር የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ ያሳድግ የነበረው የካርኮቭ ኮምዩን ያንኑ ካሜራ ገልብጦ ፌድ በሚል ስም በብዛት ማምረት ጀመረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1948 ክራስኖጎርስክ ያለው ፋብሪካ ዞርኪን አወጣ። ዞርኪ-4 ብቻውን ከ1956 እስከ 1973 ድረስ 1.7 ሚሊዮን ገደማ ተመርቷል። የናንተ መቼ እንደተሠራ ለማወቅ ከፈለጋችሁ የመለያ ቁጥሩን የመጀመሪያ ሁለት አሃዞች እዩ፤ የተሠራበት የአውሮፓ ዓመት እሱ ነው።

ወደ ኔጋቲቩ እንመለስ። ስቱዲዮ የተነሱት ፎቶዎች ኔጋቲቭ ብዙውን ጊዜ እዚያው ስቱዲዮው ዘንድ ይቀር ስለነበር አትፈልጉት። ቤተሰቡ በራሱ ካሜራ ያነሳው ግን ከፎቶው ጋር በፖስታ ተመልሶ፣ ተቆራርጦ የሆነ መሳቢያ ውስጥ አለ። ፖስታውን ስትከፍቱ የአቼቶ ሽታ ከመጣ ፊልሙ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነውና ከሌሎቹ ለዩትና ቅድሚያ ስጡት። የተጠቀለለውን በንጹሕ ወረቀት መሃል አድርጋችሁ ወፍራም መዝገበ ቃላት ጫኑበት። በጣት ከመንካት ጠርዙን ይዞ መሥራት ይሻላል፤ አሻራ ከአቧራ ይብሳል።

አሁን አንዱን ቁራጭ በመስኮቱ ብርሃን አንጻር ያዙት። ጥቁሩ ብርሃን የነበረበት ነው፣ ግልጹ ደግሞ ጥላ። ዓይናችሁን ወደ ጥላው ውሰዱት። ጥላው እንደ ፊልሙ ባዶ ጠርዝ ግልጽ ከሆነ እዚያ የተመዘገበ ነገር የለም፣ የትኛውም ስካነር አያመጣውም። በጥቁሩ በኩል ግን ፊልም ቻይ ነው። ምሳሌ ላሳያችሁ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ባለው ፍሬም የሚታዩት በቀትር ፀሐይ ነጭ ነጠላ ለብሰው የቆሙ እናት ናቸው። ነጠላው ኔጋቲቩ ላይ ከሰል መስሏል፣ ፊታቸው ግን የነጠላው ጥላ ስላረፈበት ስስ ግራጫ ነው። ስካነሩን በአውቶማቲክ ብተወው ነጠላውን አይቶ ልኩን ይወስናል፣ ፊታቸውም ይጠቁራል፤ ባለ ቀለም ፊልም ቢሆን ኖሮ ጭራሽ አመድማ ይሆን ነበር። አውቶማቲኩን አጥፍቼ፣ ሂስቶግራሙን ሁለቱም ጫፍ ሳይቆረጥ በ16 ቢት ወስጄ፣ በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ መሃሉን ብቻ ከፍ ሳደርገው የፊታቸው መስመር ይወጣል፤ ከሰል የመሰለው ነጠላም የድሩን ክር አንድ በአንድ ያሳያል። ያ ሁሉ መረጃ ፊልሙ ላይ ነበረ። ፎቶው እንዴት እንደሚታይ የሚወስነው ስካን የሚያደርገው ሰው ነው፤ ድሮ በጨለማ ክፍል ፎቶ የሚያትመው ባለሙያ ይሠራው የነበረውን ሥራ ማለት ነው። ስካን የሚያደርገውን ሰው እንደ ፎቶ ኮፒ ሠራተኛ የሚያዩ ደንበኞች አሉኝ፤ እነሱን ማሳመን ከትቻለሁ።

በየትኛው መሣሪያ? ጠፍጣፋው ስካነር ለጀማሪ ይበቃል፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የጥራት ቁጥር ግን አትመኑት፣ እውነተኛው ከዚያ በጣም ያንሳል። ለ35 ሚሊሜትር ፊልም ብቻ የተሠሩት ትንንሾቹ ስካነሮች ይሻላሉ፣ ቀርፋፋ ናቸው እንጂ። በ3200 ዲፒአይ አንድ ፍሬም 4500 በ3000 ፒክስል ገደማ ይወጣዋል፤ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ፎቶ በቂ ነው። ዲጂታል ካሜራና ማክሮ ሌንስ ያለው ሰው ግን ስካነር ባይገዛ እመርጣለሁ። ኔጋቲቩን ብርሃን በሚሰጥ ሰሌዳ ላይ አድርጎ ከላይ ማንሳት ፈጣን ነው፣ ጥራቱም አያሳፍርም። የታብሌት ስክሪን እንደ ብርሃን ከተጠቀማችሁ ፊልሙን ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ከፍ አድርጉት፣ አለዚያ የስክሪኑ ፒክስሎች አብረው ይነሳሉ። በፊልሙ ዙሪያ የሚተርፈውን ብርሃን በጥቁር ወረቀት ሸፍኑ። ካሜራው ከፊልሙ ጋር ትይዩ መሆኑን ለማረጋገጥ ደግሞ ፊልሙ በሚተኛበት ቦታ ትንሽ መስታወት አኑሩ፤ በካሜራው ስታዩ የሌንሱ ምስል ልክ መሃል ላይ ከተቀመጠ ትይዩ ነው፣ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ማቆሚያውን አስተካክሉ። ለዚህ ከውኃ ልክ ይልቅ መስታወቱን አምናለሁ።

ባለ ቀለም ኔጋቲቭ ላይ ያለው ብርቱካናማ ቀለም ጀማሪውን ያስደነግጣል። እሱ የፊልሙ የራሱ ነው። ነጩን ሚዛን ከባዶው ጠርዝ ላይ ወስዳችሁ ከዚያ ገልብጡ። ለዚህ ዳርክቴብል የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ስካነሮች በኢንፍራሬድ አቧራ የሚያጠፉበት ዘዴ ለባለ ቀለም ፊልም ግሩም ነው፣ በጥቁርና ነጭ ላይ ግን አጥፉት፤ ምስሉ የተሠራበት ብር ራሱ ኢንፍራሬዱን ስለሚጋርድ ማሽኑ ምስሉን አቧራ ነው ብሎ ያበላሸዋል። ፊልሙ መገልበጡን ያልለያችሁ እንደሆነ ከጀርባ ያለውን የሱቅ ታፔላ አንብቡ። «ሀ» መገልበጧን ባታሳይም «ቡና ቤት» ከቀኝ ወደ ግራ ከተጻፈ ችግር አለ።

እንዲህ ጥቂት ፖስታ ከጨረሰ በኋላ ነው ሰው ካሜራውን ማንሳት ያለበት። በቅርቡ የአያቷን ኔጋቲቭ ራሷ ስካን ማድረግ የተማረች ልጅ ዞርኪ-4ቱን ይዛ መጣችና ቁጭ ሳትል የፍጥነት መምረጫውን ማዞር ጀመረች።

«ኧረ ተይው፣ የኔ ልጅ!»

«ምነው ጋሼ፣ ሰበርኩት እንዴ?»

«አልሰበርሽውም። መጀመሪያ ግን አጠንጥኚ፣ ፍጥነት ከዚያ በኋላ ነው የሚመረጠው።»

የዞርኪ ዋናው ሕግ ይኸው ነው። ሳይጠነጠን ፍጥነት ከተቀየረ ውስጡ ያለው ጥርስ ሊጎዳ ይችላል። ቀጥሎ የኋላ ክዳኑን አውጥተን፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልኬን መብራት በሌንሱ ቀዳዳ በኩል አስገብተን መጋረጃውን መረመርነው። የዞርኪ መጋረጃ ጎማ የተቀባ ጨርቅ ነው፤ ሲያረጅ ይሰነጠቃል። ካሜራው ሌንሱ ወደ ፀሐይ ዞሮ ከተቀመጠ ደግሞ ሌንሱ ፀሐዩን ሰብስቦ ጨርቁን ይበሳዋል። በኛ አገር ፀሐይ ይህ ጊዜ አይፈጅም፣ የሌንሱ ክዳን ከላዩ አይለይ።

ክዳኑ ግን የራሱ ጣጣ አለው። እንደ ዞርኪ ያለ ሬንጅፋይንደር (ባለ ርቀት መለኪያ) ካሜራ ሌንሱ የሚያየውን አያሳያችሁም። የምታዩት በሌላ መስኮት ነውና ክዳኑ ሳይነሳ፣ ጣታችሁ ሌንሱን ሸፍኖ፣ ፎከሱ ጠፍቶ ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ ይታያል። ርቀቱን የምታውቁት በመስኮቱ መሃል ባለችው ደብዘዝ ያለች ክብ ነው። በሷ ውስጥ ምስሉ ድርብ ይሆናል፤ ሌንሱን ስታዞሩት ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ ሲገጥሙ ፎከሱ ያዘ። ምስሉ የሚንሸራተተው ወደ ጎን ስለሆነ የምትይዙት መስመር የቆመ መሆን አለበት። ልጅቷ በር ላይ የተቀመጡትን ጎረቤታችንን ስታነጣጥር «ሁለቱም አንድ ይመስላሉ» አለችኝ። የያዘችው ጉልበታቸው ላይ በአግድም የተዘረጋውን ጥለት ነበር። ከትከሻቸው ቀጥ ብሎ ወደ ወረደው የነጠላ ጠርዝ ስታዞረው ወዲያው ሁለት ጥለት አየች፣ አገጣጠመቻቸውም። የቆመ መስመር ከጠፋ ካሜራውን በጎኑ አቁሞ ማነጣጠርም ይቻላል። ክቧ የደበዘዘች ከመሰላችሁ ካሜራውን ከመክሰሳችሁ በፊት መልሶ መጠቅለያው ሥር ያለችውን ማንሻ ለዓይናችሁ አስተካክሉ።

መንገድ ላይ ግን እንዲህ ለማስተካከል ጊዜ የለም። ዞርኪው ላይ ያለው ጁፒተር-8 ሌንስ 50 ሚሊሜትር ነው። ዲያፍራሙን ኤፍ 8 ላይ፣ ርቀቱን 3 ሜትር ላይ ካስቀመጣችሁት ከ2.5 እስከ 4 ሜትር ያለው ሁሉ ይይዛል። ዲያፍራሙ ሲዞር ቀጭ የሚል ድምፅ ስለሌለው በኪስ መፋተግ ሳይታወቃችሁ ይንቀሳቀሳል፣ እየመላለሳችሁ እዩት።

የብርሃን መለኪያ የለውም። በጠራ ፀሐይ ዲያፍራም 16፣ ፍጥነቱም ከፊልሙ ኢሶ ጋር የሚቀራረበው ቁጥር፤ ለኢሶ 100 ፊልም 1/125። ሰው ግን በቀትር ፀሐይ ሲነሳ ዓይኑ ጉድጓድ ይሆናል። በረንዳ ወይም ክፈፍ ሥር አስጠጉት፣ ከዚያም ሦስት ደረጃ ያህል ክፈቱለት። ስስ ኔጋቲቭ ያየ ሰው እዚህ ላይ ለምን እንደማይሰስት ያውቃል። ስትጠራጠሩ ጨምሩ፣ ነጠላው ይችላል። ከእርጅና የተነሳ 1/500 እና 1/1000 የማይታመኑ ስለሆኑ ለመጀመሪያ ፊልም ኢሶ 100 ወይም 200 ቢሆን ይሻላል። ፊልሙን የሚያመጣላችሁ ዘመድ በእጅ ሻንጣ ያምጣው። የሚጫነው ሻንጣ የሚያልፍበት ኤክስሬይ ኃይለኛ ነው። አዳዲሶቹ የሲቲ መፈተሻዎችም ፊልም ስለሚያጠቁሩ በእጅ እንዲፈተሽለት ይጠይቅ።

አጠባውን በአጭሩ ልለፈው፣ ለጥቁርና ነጭ ከባድ አይደለም። ለምሳሌ ኢልፎርድ ኤችፒ5ን ባልተበረዘ ዲ-76 በ20 ዲግሪ 7 ደቂቃ ተኩል፣ ከዚያ ማቆሚያ፣ ፊክሰር፣ ብዙ ውኃ። የመጨረሻውን እጥበት በተጣራ ውኃ አድርጉት፣ የቧንቧው ውኃ ሲደርቅ ነጠብጣብ ይተዋል።

የልጅቷ ፊልም ታጥቦ ሲደርቅ ስካነሩ ላይ ከማስገባቷ በፊት መስኮቱ ጋ ወሰደችው። ጥላ ውስጥ ያነሳቻቸው ስስ እንደሆኑ ሳልነግራት አየች። በ1/500 ባነሳቻቸው ላይ ሰማዩ በአንድ ጎን ጥቁር፣ በሌላው ስስ ነበር። መጋረጃዎቹ በፍጥነት ሲሮጡ እኩል አይሄዱም ማለት ነውና ያንን ፍጥነት ትተወዋለች። ስካን ስታደርገው ደግሞ ብዙ ነጫጭ ነጥቦች ወጡ። ኔጋቲቭ ላይ ያረፈ አቧራ ሲገለበጥ ነጭ ይሆናል፣ ሲነፋም ይሄዳል ወይም ቦታ ይቀይራል። አንዷ ነጥብ ግን በየፍሬሙ እዚያው ቀኝ ጥግ ላይ፣ ጠርዟ የለሰለሰ፣ ኔጋቲቩ ላይ ስትታይ ጥቁር ነበረች። እሷ በስልክ መብራት ስንፈትሽ ያላየናት የመጋረጃ ቀዳዳ ናት። ካሜራው ክዳን ሳይኖረው ረጅም ጊዜ በቆየባቸው ፍሬሞች ላይ ጎልታ ትታያለች። ለእንዲህ ያለችው ሚጢጢ ቀዳዳ ስስ ጥቁር የጨርቅ ቀለም በቀጭን ብሩሽ ይበቃል። ተቀብቶ እስኪደርቅ መጋረጃው መጠቅለል የለበትምና ካሜራው እኔው ጋ አድሯል። ቀለሙ ካልያዘ መጋረጃው ይቀየራል፣ እሱ የእኔ ሥራ አይደለም፤ እስከዚያ ክዳኑን ልታነሳ ስትል ብቻ ታወልቃለች።