«ምዕራፍ» ወይስ «ፌዝ»?

ለአስተያየት በደረሰን የብርሃን ጥናት ረቂቅ የስያሜ ዝርዝር ውስጥ «የምዕራፍ ስምምነት» የሚል ሰፍሮ አግኝተናል። አንቀበለውም። ምዕራፍ የመጽሐፍ ክፍል ወይም የሥራ ደረጃ ነው፤ እዚህ የተፈለገው ግን ሞገድ በዑደቱ ውስጥ የደረሰበት ቦታ ነው።

በ1961 እ.ኤ.አ. ፍራንከንና ባልደረቦቹ የሩቢ ሌዘርን ቀይ ብርሃን በኳርትዝ ውስጥ ሲያሳልፉ ድግግሞሹ እጥፍ የሆነ ብርሃን አገኙ፤ መጠኑ ግን እጅግ ኢምንት ነበር። ሁለቱ ሞገዶች በክሪስታሉ ውስጥ በእኩል ፍጥነት ስለማይጓዙ እርምጃቸው ይፋለሳል፤ አዲሱም ብርሃን መልሶ ይከስማል። በ1962 እ.ኤ.አ. እነብሉምበርገን ያቀረቡት አንዱ መፍትሔ ክሪስታሉን በንብር በንብር ከፍሎ የንብሮቹን አቅጣጫ እያፈራረቁ መገልበጥ ነው። ረቂቁ ይህን «ድርብርብ ክሪስታል» ይለዋል፤ መደረቡን እንጂ መገልበጡን አይነግረንም። «ባለተገልባጭ ንብር ክሪስታል» ቢባል እንመርጣለን።

ለ«ምዕራፍ»ስ ምን ይተካ? የኮልፌ 18 ማዞሪያ በያጆች ስለ ባለሦስት ፌዝ ቆጣሪ ሲነጋገሩ ቃሉን ከእኛ ከመዝገበ ቃላት ሰዎች ቀድመው ይዘውታል፤ ጽንሰ ሐሳቡም ያው የዑደት ቦታ ነው። ቧልት ከሚለው ነባር «ፌዝ» ጋር መመሳሰሉ ያስቃል እንጂ አያሳስትም፤ ቆጣሪ ሲያስገባ የተፌዘበት የመሰለው ሰው አላጋጠመንም። ስለዚህ «የፌዝ መጣጣም» እንዲገባ ሐሳብ አቅርበናል።