ከፉከራ በኋላ፣ ከሙሾ በፊት

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ በኩል፣ የከተማው ባቡር መሥመር የሚያልቅበት ሰፈር ጦር ኃይሎች ይባላል። ስሙን ያገኘው በዚያው ካለው የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነው። ይሁን እንጂ ሆስፒታሉ ሲሠራ ሌላ ስም ነበረው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን በሎንዶን ከተማ በሕፃናት ሆስፒታል የነርስነትን፣ በአማርኛችን የአስታማሚነትን፣ ሙያ ተምረው ነበር። ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ብዙም ሳይቈዩ በ1934 ዓ.ም. በወለጋ፣ ገና በወጣትነታቸው ዐረፉ። ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ አገር ገንዘብ በማሰባሰብ የደከሙለት የመታሰቢያ ሆስፒታልም ተሠርቶ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1951 በልዕልቲቱ ስም ተከፈተ። ከ1966ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ግን ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ተባለ።

ይኸንን ያነሣነው ስለ ስም ለመሟገት አይደለም። የአስታማሚዋ ስም ወጥቶ የወታደሩ ስም መግባቱ፣ በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ የሆነውን ነገር ስለ መሰለብን ነው እንጂ። በዚህ ጽሑፍ ልናመለክት የምንፈልገውም ይኸው ነው፤ ድርሰታችን ስለ ጦርነት ብዙ ሲናገር፣ በጦርነት የቈሰለውን ሰው በቤቱ ስለሚያስታምሙት ዘመዶቹ ግን የተናገረው እጅግ ጥቂት ነው።

አማርኛ ለጦርነት የሚሆን ቃል አልጐደለውም። ዘማቹ ሲነሣ ቀረርቶና ሽለላ አለው፤ ከጠላት ፊት ሲቆም ይፎክራል፤ ድል አድርጎ ሲመለስ በእልልታ ይቀበሉታል። ወድቆ የቀረ እንደ ሆነም አልቃሿ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ፈረሱንና ጠመንጃውን እየጠራች ሙሾ ታወርድለታለች። እንግዲህ የጦርነት ግጥማችን ሁለት በር ያለው ቤት ነው ማለት ይቻላል፤ በአንደኛው በር ጀግናው ይወጣል፣ በሁለተኛው መርዶው ይገባል። እግሩን ወይም ዓይኑን አጥቶ፣ ነገር ግን ነፍሱ ሳትወጣ ለተመለሰው ሰው የተሠራ በር የለም። እርሱ እንዳይፎክር ጕልበቱ ከድቶታል፤ እንዳይለቀስለት አልሞተም። በአጠገቡ ሆና ቍስሉን የምታጥበው ሚስት ወይም እናትም ከእርሱ ጋር በደጅ ቀርታለች።

የቈሰለው ሰው ከሞተው ይልቅ ቍጥሩ ያነሰ ነው የሚል ካለ፣ የቃኘውን ሻለቃ ጦር ታሪክ ያስታውስ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮርያ በየተራ ከዘመቱት ወታደሮቻችን፣ ዘወትር እንደሚጠቀሰው ቍጥር፣ 121 ሲሞቱ 536 ቈስለዋል። ለአንድ ሟች ከአራት በላይ ቍስለኛ ማለት ነው። ከዚያም ወዲህ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን፣ ለብዙ ዓመታት በሰሜን፣ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር፣ በመጨረሻም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. እንደ ገና በሰሜን በተደረጉት ጦርነቶች፣ ስንት ቤት ቍስለኛ እንደ ተቀበለ አንባቢ ሊገምት ይችላል። በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን፣ የሠራዊቱን አባላትና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን መሠየሙ፣ ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን የአገር ጉዳይ መሆኑን ያስረዳል። ኮሚሽን ግን ለዘለዓለም አይቈይም፤ ቍስሉ ሌሊት ሲያመው የሚነሣውም ሰው ከኮሚሽኑ ጽሕፈት ቤት የመጣ ሳይሆን ከአጠገቡ የተኛው ነው።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ እንመለስ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 ዓ.ም. ባሳተሙት «አርአያ» ተምሮ የተመለሰው ወጣት አገሩ ስትወረር ምን እንደ ተሰማውና ምን እንዳደረገ አሳይተውናል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. በወጣው «ኦሮማይ» የዘመቻውን ሁካታና የግንባሩን እሳት በጋዜጠኛ ዓይን አስቃኝቶናል። ሐዲስ ዓለማየሁም በ«ትዝታ» ከጣልያን ጋር የተደረገውን ጦርነትና የምርኮኛነትን ኑሮ ጽፈውልናል። እነዚህ ሁሉ የተመሰገኑ ሥራዎች ናቸው፤ ደራሲዎቻቸው ያላሰቡትን ለምን አልጻፉም ብለን ልንወቅሳቸው አይገባንም። በቅርብ ዘመንም የቀድሞ መኰንኖች የዘመቻ ትዝታቸውን በብዛት ማሳተማቸው ያስደስታል። ነገር ግን ባነበብናቸው በጥቂቶቹ ውስጥ አንድ ነገር ደጋግሞ ገጥሞናል። ደራሲው በየትኛው ኮረብታ፣ በየትኛው ሰዓት፣ በምን መሣሪያ እንደ ተመታ በዝርዝር ይተርካል፤ ከዚያ በኋላ ያስታመመችው ሚስቱ የምትገኘው ግን በመጽሐፉ መግቢያ፣ በምስጋናው ገጽ ላይ፣ በሁለት መሥመር ብቻ ነው። ኮረብታው አንድ ምዕራፍ ሲያገኝ፣ የማስታመሙ ዓመታት ምስጋና ብቻ አገኙ።

ከልብ ወለዶቻችን መካከል የቍስለኛውን አልጋ በቅርብ ያሳየን በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይመስለናል። በዛብህ ወታደር አይደለም፤ ያቈሰሉትም በመንገድ ላይ የገጠሙት ወንበዴዎች ናቸው። ሰብለ ወንጌል ግን በመነኵሴ ልብስ ተሰውራ ስትንከራተት ቈይታ የምታገኘው በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ነው። በዚያ አልጋ አጠገብ ያለው ትዕይንት ያላስለቀሰው አንባቢ መኖሩን እንጃ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እናንሣ። በዛብህ ባይሞትስ ኖሮ? አንካሳ ሆኖ፣ ወይም ከአልጋ የማይነሣ ሆኖ ቢተርፍ ኖሮ፣ ሰብለ ወንጌል በሁለተኛው ዓመት ምን ትሆን ነበር? ልብሱን ስታጥብ፣ እርሱ በሆነ ባልሆነው ሲቈጣ፣ እህል ሲያልቅባት፣ ጎረቤት መጠየቁን ሲተው፣ ፍቅሯ በምን መልክ ይገለጥ ነበር? ደራሲው ይኸንን የመመለስ ዕዳ የለባቸውም፤ የመጽሐፋቸው ርእስ ራሱ ወደ መቃብር ይመራቸዋልና። ከእርሳቸው በኋላ የመጣነው ግን ዕዳው አለብን። እስከ መቃብር የሚደርሰው ፍቅር በመጽሐፍ ተጽፎልናል፤ እስከ ማለዳ የሚነቃው ፍቅር ግን ገና አልተጻፈም።

ጕድለቱ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ግሪካዊው ሶፎክልስ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ409 ዓመት ለመድረክ ያበቃው «ፊሎክቴቴስ» የተባለ ቴአትር አለው። ፊሎክቴቴስ ወደ ትሮይ ሲዘምት እግሩን እባብ ነድፎት ቍስሉ አልድን ስላለ፣ የጦር ጓደኞቹ የቍስሉን ሽታና የእርሱን ጩኸት መታገሥ ተስኗቸው በሰው አልባ ዳርቻ ጥለውት ሄዱ። ከዐሥር ዓመት በኋላ የተመለሱት ቀስቱ ለድል የምታስፈልግ ሆና ስለ ተገኘች ነው። ይኸ ታላቅ ቴአትር የቍስለኛውን ብቸኝነት ያለ ርኅራኄ ገልጦ አሳይቷል፤ አስታማሚን ግን እርሱም አላሳየንም፤ በዚያ ዳርቻ አስታማሚ አልነበረምና።

በእኛ አገር ግን አስታማሚ ነበረ፤ አሁንም አለ። ባለፈው ዓመት ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ጦር ኃይሎች ስንመላለስ፣ በዚያው ሰፈር ጀበና ቡና ከምትሸጥ አንዲት ሴት ዘንድ አረፍ እንል ነበር። በዚያች በርጩማ ላይ ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጡ አስታማሚዎች ተሰብስበው አየን። አንዲቱ ከጎጃም የመጣች የወታደር እናት ናት፤ ሌላዋ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለች ሚስት ናት፤ አንዱም ወንድሙን ሊያስታምም እርሻውን ጥሎ ከወሎ የመጣ ገበሬ ነው። ከዚያ በፊት አይተዋወቁም። ይሁን እንጂ ሥራውን በተራ ተከፋፍለውታል። አንዷ ልብስ ለማጠብ ስትወጣ ሌላዋ ለሁለቱም ቍስለኞች ትቀመጣለች፤ ያችኛዋ ሽሮ ስትሠራ ለአራት ሰው ታበዛለች፤ ገበሬው ደግሞ በሽተኛ ማንሣትና ማገላበጥ ሲያስፈልግ ይጠራል። ይኸንን ማን እንዳስተማራቸው ብንጠይቅ እናቲቱ ተገርማ «በአጨዳ ጊዜ ወንፈል አለ አይደል? ታዲያ በማስታመም ጊዜ የማይኖረው ለምንድር ነው?» አለችን።

ንግግራቸውንም አደመጥን። ወጣቲቱ ሚስት ባሏ ትናንት ሳህን እንደ ወረወረባት ስትናገር፣ እናቲቱ እንዲህ አለቻት፦ «ልጄ፣ እርሱ የተቈጣው በአንቺ አይደለም፤ በእግሩ ነው። እግሩ ግን የለም፤ ያለሽው አንቺ ነሽ።» ወጣቲቱም «እማማ፣ የሌለው እግር ያመኛል ይለኛል፤ እብደት ይሆን እንዴ?» ብላ ጠየቀች። «የኔም ወንድም እንዲሁ ይላል፤ ሐኪሙ እውነት ነው ያማል ብሎናል» አለ ከወሎ የመጣው ሰው። ቀጥሎም ሌሊት ሲባንን በእጅ መንካት እንደማይገባ፣ ከራቅ ብሎ በስሙ መጥራት እንደሚሻል ነገራት። እናቲቱም ከአልጋ የማይነሣውን ሰው በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ የሚያስፈልገው ጀርባው እንዳይላጥና እንዳይቈስል መሆኑን አስረዳቻት። ወጣቲቱ ጥቂት ዝም ብላ «እኔ ደግሞ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለች።

ይኸች የመጨረሻዋ ቃል ከልባችን አልጠፋችም። ብዙ መጽሐፍ የሚነበብበት አገር ልጅ ሆና ሳለ፣ የእርሷን ኑሮ የሚመስል ኑሮ መኖሩን ያወቀችው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቡና ዙሪያ ነው። የሥነ ጽሑፍ ትልቁ ጥቅም ለሰው «አንተ ብቻ አይደለህም» ማለት ከሆነ፣ ያንን ሥራ ያለ ደራሲ እነዚህ ሦስት ሰዎች ሠሩት።

ይኸንን ስንናገር ሊነሣ የሚችለውን ተቃውሞ እናውቀዋለን። የቍስለኛ ቤት ገበና ነው፤ ጀግናው ሲታጠብና ሲያለቅስ ለሕዝብ ማሳየት ክብሩን መግፈፍ ነው የሚሉ አሉ። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ የሚነሣውም ከክፋት ሳይሆን ከአክብሮት ነው። ብዙ አስታማሚዎች አፋቸውን የዘጉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን በዚያች የቡና በርጩማ ላይ የሰማነው ለጥያቄው መልስ ይሰጣል። እነዚያ ሰዎች የቍስለኛውን ገበና አላወጡም፤ የተናገሩት ስለ ሥራቸው ነው። ስለ ማገላበጥ፣ ስለ ቍጣ፣ ስለ እንቅልፍ ማጣት፣ ስለ ሽሮ ተናገሩ፤ የባሏን ስም ግን ወጣቲቱ አንድ ጊዜም አላነሣችም። ገበናን መሸፈን አንድ ነገር ነው፤ ድካምን መደበቅ ሌላ ነገር ነው። ደራሲም ይኸንን ልዩነት ከእነርሱ ሊማር ይችላል።

ሁለተኛ የምንፈራው ነገር አለ። አንዳንድ ደራሲ ይኸንን አንብቦ ተነሥቶ ስለ አስታማሚዋ እንዲሁ በፉከራ ቃል ይጽፍ ይሆናል፤ የማትደክም፣ የማትቈጣ፣ ዘወትር የምትታገሥ ቅድስት አድርጎ ይሥላት ይሆናል። በየቴአትሩ የምናያት የቍስለኛ ሚስት ብዙ ጊዜ ወይ ጥላው የምትሄድ ከዳተኛ ናት፣ ወይም ይኸች ቅድስት ናት። ሁለቱም ከእውነት የራቁ ናቸው። እውነተኛዋ ሴት አንዳንድ ሌሊት መሄድ ያምራታል፤ ጠዋት ግን ውሃ ታሞቃለች። ልብ ወለድ ሊሠራበት የሚገባው ቦታ በዚያ ሌሊትና በዚህ ጠዋት መካከል ያለው ነው። ሦስተኛም፣ እርሷን ብቻዋን አድርጎ መሣል ስሕተት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላልና፣ ሸክሙ እንዴት እንደሚከፋፈል ያላሳየ ድርሰት ግማሹን እውነት ብቻ ተናግሯል። ለደቦ የሚዘፈን የሥራ ዘፈን ያለው ሕዝብ፣ ለዚህ ወንፈል ቃል ያጣል ብለን አናምንም።

መምህራን ተማሪዎቻቸውን ስለ ዓድዋ ወይም ስለ ኮርያ ድርሰት እንዲጽፉ ሲያዙ፣ «ጦርነቱን አሳዩ» ከማለት ጋር «ከጦርነቱ በኋላ በሦስተኛው ዓመት ያ ቤት እንዴት እንደ ዋለ አሳዩ» ቢሉ መልካም ይመስለናል። ብዙዎቹ ተማሪዎች ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ ከአያቶቻቸው ወይም ከጎረቤት ይሰሙታል። በየመሥሪያ ቤቱ የምንገኝ ሰዎችም፣ ለማስታመም ፈቃድ የሚጠይቅ ማመልከቻ ከጠረጴዛችን ሲደርስ፣ በዚያች አንዲት ገጽ ውስጥ ያልተጻፈ መጽሐፍ መኖሩን ብናስብ አንጐዳም።

የዚያ ሰፈር ስም ጦር ኃይሎች እንደ ሆነ ይኖራል፤ እንዲለወጥም አንጠይቅም። ነገር ግን በዚያ የሚወርዱት ተሳፋሪዎች ሁሉ ወታደር አይደሉም። ብዙዎቹ የምሳ ሳህን በጨርቅ ጠቅልለው የያዙ ሴቶች ናቸው። ስለ እነርሱ የሚጽፍ ደራሲ ቢገኝ፣ የመጀመሪያ አንባቢዎቹ የት እንደሚገኙ እናውቃለን።