ከዜናው በፊት

ሬድዮ ቤት ያረጀን ሰዎች ዘፋኝ የሌለበትን ሙዚቃ ሁሉ «ክላሲካል» እንላለን። ዋሽንት ይሁን ሳክስፎን፣ ሙላቱ ይሁን ሞዛርት፣ ለእኛ ያው ክላሲካል ነው። ሥራውም የታወቀ ነው። በግጥም ሥር ይነጠፋል፤ እንግዳ ሲያረፍድ ያድናል፤ ዜና ሊገባ አርባ ሰከንድ ሲቀረው ይለቀቅና አንባቢው ጉሮሮውን ጠርጎ ሲጨርስ ይቆረጣል። ዘፈን መሃል ላይ ብትቆርጥ ስልኩ ዕረፍት አይሰጥህም። ክላሲካል ብትቆርጥ የሚደውል የለም።

ሲያትል ውስጥ በሳምንት አንድ ቀን የአማርኛ ፕሮግራም እናዘጋጃለን። በጃንዋሪ 2022 የዘ ቬንቸርስ ባንድ ጊታሪስት ዶን ዊልሰን በ88 ዓመቱ ሲያርፍ የግማሽ ሰዓት መታሰቢያ ልሥራለት አልኩ። ያረፈው ታኮማ ነው፤ ከእኛ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው፣ ከአድማጮቻችንም ብዙዎቹ ለሥራ የሚመላለሱበት መንገድ ነው። የፕሮግራማችን አንጋፋ ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ማይክራፎን ፊት የሸበቱ ሰው፣ ሐሳቤን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ግማሽ ሰዓት ሙሉ ክላሲካል? አንተ ልጅ፣ ሰው እኮ መንግሥት ተገለበጠ ብሎ ይደነግጣል!»

ቀልድ ብቻ አልነበረም። የዘፋኝ መታሰቢያ ቀላል ነው፤ ግጥሙ ግማሹን ሥራ ይሠራልሃል። ስለ እናቱ ከዘፈነ ስለ እናቱ ታወራለህ፣ ስለ አገሩ ከዘፈነ ስለ አገሩ። ጊታር ብቻ ሲሆን ግን አዘጋጅ ይፈራል፤ ሲፈራ ደግሞ ያወራል። የመጀመሪያ ረቂቄን ቁጭ ብዬ ሳዳምጠው እኔ ሳልገባበት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሰማ አንድም ዜማ አልነበረም። ሙዚቃው መንፈስ እንዲፈጥርልኝ ከሥር አንጥፌዋለሁ፤ ሟቹን በገዛ መታሰቢያው ላይ ምንጣፍ አድርጌዋለሁ።

የሚገርመው፣ ቬንቸርስን ለሰው ጆሮ ያደረሰው ይኸው ክፉ ልማዳችን ነው። ዊልሰንና ቦብ ቦግል ግንበኞች ነበሩ። በ1958 ተዋውቀው፣ ዕቃ በመያዣ ከሚያበድር ሱቅ ርካሽ ጊታር ገዝተው መለማመድ ጀመሩ። የጃዝ ጊታሪስቱ ጆኒ ስሚዝ በ1954 ያወጣውን «ዎክ፣ ዶንት ራን» የሰሙት በቼት አትኪንስ ጣት ነው፤ እንደ አትኪንስ መጫወቱ ቢከብዳቸው አቀለሉት። የቀረው አራት ኮርድ ነው፦ ኤ ማይነር፣ ጂ፣ ኤፍ፣ ኢ። እንደ ደረጃ አንድ በአንድ ይወርዳል፤ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ እግርህ አራተኛውን ሳትረግጥ መቆም አይችልም። ዶልተን የሚባለው የሲያትል ሸክላ አሳታሚ አልቀበልም ሲላቸው የዊልሰን እናት ጆዚ ብሉ ሆራይዘን ብለው ባቋቋሙት የራሳቸው ድርጅት በ1960 አሳተሙት። ከዚያ የሲያትሉ ሬድዮ ጣቢያ የኬጄአር ዲጄ ፓት ኦዴይ ሸክላውን ወስዶ የዜና ማስገቢያ አደረገው።

በየሰዓቱ፣ ከዜናው በፊት። አድማጭ እየደወለ ምንድን ነው እሱ ይል ጀመር። አልፈልግም ያለው ዶልተን ተመልሶ መጣ፤ ዜማው በዚያው ዓመት በቢልቦርድ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ወጣ። በቀረጻው ላይ ድራም የመታው ስኪፕ ሙር ከሽያጩ ድርሻ ይልቅ 25 ዶላር በእጄ ይሻለኛል ብሎ ነበር። (ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እሳቸውም በጊዜያቸው በርካሽ የለቀቁት አንድ ነገር ያለ መሰለኝ።)

ስለ ጃፓን ብዙ አልተናገርኩም። በ1962 መጀመሪያ ሄደው ከዚያ ለአሥርተ ዓመታት የተመላለሱበት አገር ነው፤ ቋንቋ የሌለው ሙዚቃ አስተርጓሚ አይፈልግም ብሎ ማለፍ በቂ ነው። በ2008 የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ መግባታቸውንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ዘጋሁት። ጊዜዬን የወሰደው ድምፁ ነው።

ሰዎች ቬንቸርስን ሰርፍ ሮክ ይሏቸዋል፤ ሲጀምሩ ግን ሰርፍ የሚባል ሙዚቃ ገና ስም አላወጣም ነበር። ታኮማም ሰው ማዕበል የሚጋልብባት ከተማ አይደለችም፤ ያላት ዝናብ ነው። የባሕሩ ድምፅ በኋላ የመጣ ነው። በ1964 ያንኑ ዜማ እንደገና ቀረጹት፤ ኖኪ ኤድዋርድስ ሊዱን ይዟል፣ ቦግል ወደ ቤዝ ዞሯል፣ ድራሙ ላይ ሜል ቴይለር አለ። ጊታሩ በሪቨርብ ርሷል። እሱም ስምንተኛ ወጣ። ሪቨርብ ምን እንደሆነ ለአድማጭ ለማስረዳት አንድ ገጽ ጽፌ ሰረዝኩ። ከአንድ ሙዚቀኛ ወዳጄ አሮጌ አምፕሊፋየር ተውሼ ከፍቼ በመዳፌ ጎኑን መታሁት። ውስጡ ያሉት ቀጫጭን የብረት ሞላዎች ተላተሙና ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የወደቀ ነጎድጓድ የሚመስል ድምፅ ወጣ። እሱን ቀዳሁት። «ጊታሩ በእነዚህ ሞላዎች ውስጥ አልፎ ነው የሚደርሳችሁ» አልኩና ሸክላውን ለቀቅኩት። ከዚያ በላይ ቃል አላስፈለገም።

የሳትኩት መጨረሻው ላይ ነው። እንዲህ ዝም ማለት ከተማርኩ በኋላ ዝምታ ጣመኝ። የ1964ቱ ዜማ የመጨረሻ ንዝረት እስኪጠፋ ጠብቄ ለዊልሰን አሥራ አምስት ሰከንድ የኅሊና ጸሎት አስገባሁ። የረሳሁት ጣቢያው ፀጥታ የሚቆጣጠር ማሽን እንዳለው ነው። ማሽኑ ኅሊና የለውም፤ አሥረኛው ሰከንድ ላይ ሥርጭቱ ተቋርጧል ብሎ በራሱ መጠባበቂያውን ለቀቀ። በዶን ዊልሰን የኅሊና ጸሎት መሃል የመኪና ኢንሹራንስ ማስታወቂያ ገባ። ጋሼ ከመስታወቱ ወዲያ ጭንቅላታቸውን ይዘው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ለድጋሚው ሥርጭት ጸሎቱን አውጥቼ ቦታው ላይ የ1960ውን ቅጂ ለሁለተኛ ጊዜ አስገባሁ። ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። አንድ ዘፈን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁለቴ አይከፈትም ይባላል፤ እኔም ስል ኖሬአለሁ። ከመክፈቴ በፊት የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው፦ «አሁን ዜማውን ተዉት። ከኋላው ክራሩን እንደሚገርፍ ሰው ሳያቋርጥ የሚመታውን ስሙ። እሱ ነው የሞተው።» ዊልሰን ሪትም ጊታር ነበር የሚጫወተው። አጨዋወቱ ደረቅና ቁርጥ ቁርጥ ያለ ነው፤ ጆሮ ካልተነገረው አልፎት ይሄዳል፣ ከተነገረው በኋላ ግን ሌላ ነገር አይሰማም። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ስሰማው ኖሬ ያገኘሁት እዚያው ቅንብር ላይ፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ነው።

በሳምንቱ ቅዳሜ መኪና ውስጥ ሆኜ ፕሮግራማችንን ከፈትኩ። ዜናው ሊገባ ነው። ጋሼ ያችን ዜማ ለቀቋት። ኤ ማይነር፣ ጂ፣ ኤፍ፤ እዚያ ላይ ቆረጧትና «ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን» አሉ።

የደወለ አድማጭ አልነበረም። እኔ ደወልኩ።