በጉ በማን ቢላዋ ይታረድ? ስለ ሁለት የገጠር ፊልሞች

የሀገር ቤት ገጠር በፊልም ሲቀርብ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይመስላል። ወይ ረሃብና ዝንብ ነው፣ ወይ ለምለም ተራራና ዋሽንት። ልጆቻችን እዚህ አሽቀሎን በሲግድ ሰሞን በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የሚያዩት ሥዕልም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ አንድ ጎጆ፣ አንድ እንስራ፣ ባዶ እግሩን የቆመ አንድ ልጅ። እንስራውን ማን ከየት ተሸክሞ እንዳመጣው፣ ጎጆው የተሠራበት መሬት የማን እንደነበረ፣ ልጁ በዚያ ቀን ምን ሲሠራ እንደዋለ አይነገርም። በቅርብ ዓመታት ከመጡት ቤተሰቦች ልጆች ደግሞ ብዙዎቹ ወላጆቻቸው ተራ ሲጠብቁ በጎንደር ከተማ ወይም በአዲስ አበባ የተወለዱ ናቸውና ገጠሩን እነርሱም አያውቁትም። የአያቶቻቸው መንደር ለእነርሱ ያው ሥዕሉ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነሣቸውን ሁለት ፊልሞች የመዘንኳቸው በአንድ ነገር ነው፤ በሩቅ መንደር ውስጥ ሰው እንዴት እንደሚኖር ያሳያሉ ወይስ የመንደሩን መልክ ብቻ?

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. የወጣ ነው። በዚያው ዓመት በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በቡርኪና ፋሶ በሚካሄደው ፌስፓኮ የሚባለው የአፍሪካ ፊልሞች በዓል ከፍተኛውን ሽልማት አግኝቷል። ኃይሌ የጎንደር ተወላጅ ነውና የሀገሩን ጠዋት ያውቀዋል። ባለታሪኩ አንበርብር ጀርመን ሀገር ሕክምና የተማረ፣ በደርግ ዘመን ጓደኛው የተገደለበት፣ በኋላም እዚያው ጀርመን ዘረኞች ጥቃት አድርሰውበት አንድ እግሩን ያጣ ሰው ነው። በ1990 ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። እናቱ ጣድፌ ልጄ መጣ ብላ ደስ ይላታል፤ መንደሩም የተማረ ሰው መጣልን ይላል። እርሱ ግን ሌሊት በቅዠት የሚጮኽ፣ ቀን የሚናገረው የጠፋበት ሰው ሆኗል።

የ«ጤዛ» ትልቁ ቁም ነገር ሩቅ መንደር ማለት ምንም የማይደርስበት ቦታ ማለት አለመሆኑን ማሳየቱ ነው። ሐኪም የማይደርስበት መንደር ወታደር ይደርስበታል። ጎረምሶቹ ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ፤ እናቶችም የመጣውን እግር ድምፅ ሁሉ እያዳመጡ ይኖራሉ። ይህን የሚያስታውስ ሰው በመካከላችን ብዙ ነው። ፊልሙ የሚናገርለት 1990 በጎንደር ዙሪያ የነበሩ ብዙ ወገኖቻችን ከብታቸውን ሸጠው ወደ አዲስ አበባ የወረዱበት ዓመት ነው፤ በተከታዩ ዓመት በግንቦት ወር በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ያህል ጊዜ ወደ እስራኤል ገባ። ፊልሙ ስለ እኛ አንድም ቃል ባይናገር ሰዓቱና ፍርሃቱ የእኛም ነው።

ጉድለቱ ንግግሩ ነው። የጀርመኑ ክፍል በረዘመ ቁጥር ሰዎቹ እንደ ስብሰባ ተናጋሪ ይሆናሉ፤ ጣድፌ ግን አንድ ቃል ሳትናገር የበለጠ ትነግረናለች። መንደርተኛው ያወገዛትን አዛኑን ወደ ቤቷ ስታስገባ ማንንም አታስተምርም፤ በሯን ትከፍታለች፣ በቃ። በፊልሙ ውስጥ ሕዝቡ አንዳንድ ቦታ እንደ አንድ መንጋ ተቆጥሮ የታየ ቢመስለኝም የዚህች እናት ሥራ ያን ያስተካክለዋል።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ በእውነቱ ብዕር ያነሣሁት በእርሱ ምክንያት ነው። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» (በግ ማለት ነው) በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ በመግባት ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ፊልም ሆኗል። ኤፍሬም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። እናቱ በችግር ዘመን ትሞትበታለች። አባቱ አብርሃም ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ልጁን ራቅ ባለ ደጋ ከሚኖሩ ዘመዶች ዘንድ ይተወዋል። ኤፍሬም ከቤቱ ይዞት የመጣው ጩኒ የተባለ በግ ብቻ ነው። ታዲያ አጎቱ ሰሎሞን ለመስቀል በዓል በጉን ማረድ አለብህ ይለዋል።

ይህ ልጅ እርሻ አይሆንለትም፤ ወጥ ግን ይችላል፣ ከእናቱ የተማረው ነው። ሳምቡሳ እየጠበሰ ገበያ አውጥቶ ይሸጣል፣ ለመሳፈሪያ እንዲሆነው። አጎቱ ደግሞ ወንድ ልጅ ማጀት ሲገባ ማየት ያመዋል። ያሬድ ሰሎሞንን ክፉ አድርጎ አላቀረበውም፤ አፍ የበዛበት ድሃ ቤት ነው፣ በዚያ ቤት በግ ጓደኛ ሊሆን አይችልም። ከመንደሩ ወጣቶች መካከል ጽዮን የምትባለው የአጎት ልጅ ንባብ ትወዳለች፤ ከእርሷ የሚጠበቀው ግን ባል ማግባት ነው። የቤቱ ትልቋ ሴት ደግሞ ተቀምጣ ሁሉን ታዛለች። ማን እንደሚያዝ፣ ማን መጀመሪያ እንደሚበላ፣ ማን ዝም ማለት እንዳለበት በአንዲት ጎጆ ውስጥ እንዲህ በግልጽ ያሳየ ፊልም ብዙ አላየሁም። እናት የሞተችበትን ልጅ ኀዘን በሽንኩርት ክትፋት ማሳየትም ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን የኤፍሬም እናት አይሁዳዊት ናት። ፊልሙ ይህን አንስቶ ብዙ ሳይገፋበት ያልፈዋል። እንግዲህ ካን የተቀመጠ ፈረንሳዊ ተመልካች በጉ ይታረድ ሲባል ልጁ ጓደኛውን ሊያጣ ነው ብሎ ያዝናል። የእኛ ሰው ግን ከዚያ በፊት ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ በማን ቢላዋ? ማን ባርኮት? በሀገራችን የክርስቲያን ሥጋ ለብቻ፣ የእስላም ለብቻ፣ የእኛም ለብቻ ነበር። ጎረቤት ጎረቤቱን ለሠርግ ሲጠራ እንኳ ለሌላው እምነት በጉን ከነነፍሱ ሰጥቶ ራሳችሁ እረዱት ይል ነበር። ከአይሁዳዊት የተወለደ ልጅ በመስቀል በዓል፣ በክርስቲያን ዘመዶቹ ቤት፣ በገዛ እጁ ረድ ሲባል ነገሩ የፍቅር ብቻ አይደለም፤ የማን ልጅ ነህ የሚል ጥያቄ ነው። አባቱም አብርሃም መባሉ ያለ ነገር አይደለም። ያሬድ ጥያቄውን በእጁ ይዞት ሳለ አልጠየቀውም። ድስቱን ያስተማረችው እናት ዓርብ ከፀሐይ መጥለቅ በፊት እሳቱን አጥፍታ የሰንበትን ምግብ አዘጋጅታ ታሳድር እንደነበረ፣ ወይም ይህን ሁሉ በጋብቻዋ ትታው እንደሆነ ብናውቅ ልጁ በማጀት የሚያደርገው ሁሉ ሌላ ክብደት ይኖረው ነበር።

ይህን የምለው ለሃይማኖት ክርክር አይደለም። ከአዲስ መጤ ቤተሰቦቻችን መካከል አንድ አያቱ በመስጊድ የጸለየ፣ ሌላው በቤተ ክርስቲያን የቆመ ጥቂት አይደለም። እንደ ኤፍሬም ያለ ልጅ በየፎቁ አለ። እንዲህ ያለ ልጅ በፊልም ውስጥ ራሱን ሊያገኝ ሲል በሩ መዘጋቱ ያሳዝናል።

ሌላው የጎደለው መሬቱ ነው። የ«ላምብ» ተራራ እጅግ ያምራል፤ ማንም አይክደውም። ግን ለቤተ እስራኤል ያ አረንጓዴ የሌላ ሰው ርስት ነበር። በ15ኛው መቶ ዘመን ከነገሠው ከዐፄ ይስሐቅ ጀምሮ፣ ያልተጠመቀ ርስት አይኑረው ተብሎ ርስታችንን እንደተነጠቅን ሽማግሌዎች ይተርካሉ፤ በ1975 የገጠር መሬት በአዋጅ እስኪወረስ ድረስም ብዙዎቻችን ጭሰኛ ነበርን። ስለዚህ ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ሆንን። በየገጠር ፊልሙ ማረሻ ያርሳል፣ ምጣድ ይጣዳል፤ ማረሻውን በወናፍ ያቀለጠ ሰውና ምጣዱን ያሟሸች ሴት አይታዩም። ቀን ማረሻውን የሚገዛ ጎረቤት ማታ ቡዳ ብሎ እንደሚፈራቸውም አይነገርም። መንደራቸው ለመታጠብ ሲባል ከወንዝ አጠገብ መሆኑም እንዲሁ።

ከጎንደር ወጣ ብሎ በደባርቅ መንገድ ያለችውን ወለቃን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የመንደሩ አይሁድ ወደ እስራኤል ከገቡ በኋላ የዳዊት ኮከብ ያለበት ምልክትና ለጎብኚ የሚሸጥ የሸክላ ምስል ቀረ። ምስሉን የሚሠሩትም ክርስቲያን ጎረቤቶች ናቸው። ሙያው ቀጥሏል፣ ባለሙያዎቹ እዚህ ናቸው፤ በአሽቀሎን ፎቅ ላይ ወናፍ የሚነፋበት ቦታ የለም።

ለወላጆች ጥቂት ነገር ልጨምር። «ጤዛ» ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፤ ግድያና ድብደባ ስላለበት ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። «ላምብ» አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው፣ አሥር ዓመት ከሞላው ልጅ ጋር ማየት ይቻላል። «ላምብ» በአማርኛ ነው፤ «ጤዛ»ም አብዛኛው እንደዚሁ። በዚህ ሀገር የባንኩን ወረቀትና የኩፓት ሆሊሙን ደብዳቤ ለእናቱ የሚተረጉመው ልጁ ነው። በዚህ ፊልም ፊት ግን ጠያቂው ልጁ ይሆናል፤ እማዬ፣ ልጁ ወጥ ቢሠራ ምን አለበት? ሥጋውንስ ማን ይበላዋል? ከፊልሙ በኋላ ወዲያው ልጆቹን አስተኙ አልልም፤ ለጥያቄው አንድ ሰዓት መተው ይሻላል።