የተበተነ ወገን ውይይት እንዴት ይጠና?

በስደት ላይ ያለው ወገናችን በኢንተርኔት የሚያካሂደውን የፖለቲካ ውይይት ለማጥናት የሚነሡ ወጣት ተመራማሪዎች ዕቅዳቸውን ለአስተያየት ሲልኩልኝ ቆይተዋል። በአብዛኞቹ ውስጥ በአርአያነት የሚጠቀሰው ሥራ ፕሮፌሰር ቪክቶሪያ በርናል ስለ ኤርትራውያን ስደተኞች በ2014 ያሳተሙት «ኔሽን አዝ ኔትወርክ» የተሰኘው መጽሐፍ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ምርጫው አያስነቅፍም። የሚያስነቅፈው የመጽሐፉ መንገድ ያለ ምንም ለውጥ ለእኛም ይሠራል ብሎ መነሣቱ ነው።

የበርናል ሥራ ብርታት ጽሑፎቹን ከወለዳቸው ታሪክ ሳይነጥል ማንበቡ ነው። በ1992 በአሜሪካ በሚኖሩ ኤርትራውያን የተመሠረተው ደሃይ ከ1998 እስከ 2000 በተካሄደው ጦርነት ወቅት ለመንግሥታቸው ገንዘብና ድጋፍ ማሰባሰቢያ ሆነ። በመስከረም 2001 የአሥመራ የግል ጋዜጦች ከተዘጉ በኋላ ደግሞ አገር ቤት ሊነገር የማይቻለው ተቃውሞ እንደ አዋቴና አሥማሪኖ ባሉት መድረኮች ይሰማ ጀመር። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ቃል የሚመዘነው ማን፣ ለማን፣ በየትኛው ሰዓት ተናገረው ተብሎ ነው።

ነገር ግን በደሃይ የነበረው ክርክር በአመዛኙ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። የእኛ ሌላ ጣጣ አለበት። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛው በላቲን ፊደል፣ እያንዳንዱ ጸሐፊ ለጆሮው እንደ መሰለው ይጻፍ ነበር። በራሳችን ፊደል ከተጻፈም በኋላ አንዱ «ሥልጣን»፣ ሌላው «ስልጣን»፤ አንዱ «ሕዝብ»፣ ሌላው «ህዝብ» ይላል። ይህን ሳያስተካክል ቃላትን በኮምፒዩተር ልቁጠር የሚል ዕቅድ፣ በ1990ዎቹ የነበረው ስደተኛ ስለ ሥልጣን ብዙም አልተናገረም ወደሚል አስቂኝ መደምደሚያ ይደርሳል። ያን ዘመን የኖርን ሰዎች ግን እንቅልፍ አጥተን የተከራከርነው ስለ ሌላ ነገር እንዳልነበረ እናውቃለን። ቃሉ ተገኘ እንኳ ቢባል ሰምና ወርቁን ማን ይለያል? «ልማታችን ይፋጠናል» ብሎ የጻፈ ሰው ሊያመሰግንም ሊያላግጥም ይችላል፤ ይህን የሚያውቀው ከዚያ በፊት ማን ምን እንዳለ የተከታተለ አንባቢ ብቻ ነው።

ከሁሉ የከበደው የብዕር ስም ነገር ነው። ዕቅዶቹ ለሁሉ ክፍት የሆነ ጽሑፍ የሕዝብ ንብረት ነውና ፈቃድ አያስፈልገውም ይላሉ። በየካቲት 2014 የካናዳው ሲቲዝን ላብ በውጭ አገር በሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ኮምፒዩተር ላይ የስለላ ፕሮግራም ለመትከል ሙከራ መደረጉን ይፋ አደረገ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ የዞን ዘጠኝ ጸሐፊዎች ታስረው፣ በኋላም በ2009 በወጣው የፀረ ሽብርተኝነት ዐዋጅ ተከሰሱ። በእንዲህ ያለ ዘመን በብዕር ስም የሚጽፍ ሰው ከራሱ ጋር አገር ቤት የቀሩትን ዘመዶቹንም ይሸሽጋል።

እኔም ከዚህ ጥፋት ንጹሕ አይደለሁም። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ ጽሑፌ ውስጥ የአንድ ተከራካሪን ሦስት መስመር ከነብዕር ስሙ ጠቀስሁ። አንድ ማታ ስልክ ተደወለልኝ። «ጋሼ፣ ያቺን ተረት በአገራችን ከአባቴ በቀር የሚተርታት የለም፤ ወንድሜ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ስም የተጻፈ ነገር አላየሁም። የማጠናውን ውይይት በማጥናቴ አንድ ድምፅ አጎደልሁበት።

ስለዚህ ቃሉን እንዳለ ከመጥቀስ ይልቅ ሐሳቡን በራስ ቋንቋ ማስረዳት፣ ስሙን መተው፣ ሲቻልም ጸሐፊውን ማስፈቀድ በዕቅዱ መጀመሪያ ገጽ ሊሰፍር ይገባል። ዛሬ አንድ ዓረፍተ ነገር በደቂቃ ተፈልጎ ከባለቤቱ ዘንድ ያደርሳልና። አንብቦ ዝም የሚለውን እልፍ ሰው እንዴት እናጥናው የሚለው ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ እዚህ አልገባበትም።

ባለፈው ወር የደረሰኝ ዕቅድ ስለ ናሙና አመራረጥ ስድስት ገጽ አለው፤ ስለ ብዕር ስም አንድ መስመር የለውም። ከጥያቄዬ ጋር መልሼ ልኬዋለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።