ገንዳ የሌለው ማዋለጃ ክፍል

ውሃ ውስጥ የምትወልድ ሴት አትቀደድም የሚለው ወሬ ብዙ አገር ዞሯል። ፈረንሳዊው ሐኪም ሚሼል ኦደን በፒቲቪየ ሆስፒታል ያየውን እ.ኤ.አ. በ1983 በላንሴት መጽሔት ላይ ካወጣ ወዲህ ገንዳው የእርጋታ ወሊድ ምልክት ሆነ፤ ዛሬ ስልክ የያዘች ነፍሰ ጡር ሁሉ ቪዲዮውን ማየት ትችላለች። ወደ እኛ ሲመጣ ግን በባሌ፣ በደሎ መና ማዋለጃ ክፍል የሚገኘው አልጋ፣ የስፌት ትሪ፣ ባልዲና ጀሪካን ነው። በሮቤና በጎባም ቢሆን ውሃ ውስጥ ማዋለድ በመደበኛ አገልግሎት ውስጥ የገባ ነገር አይደለም። ይህን የምታይ አዋላጅ ‹‹የሀብታም አገር ነገር ነው፣ ይቅርብን›› ልትል ትችላለች፤ ወይም ‹‹ገንዳ ይገዛልን›› ብላ ደብዳቤ ልትጽፍ ትችላለች። ሁለቱም አያዋጡም። ለውሃው የተሰጠው ምስጋና ተበትኖ ሲታይ ሙቀት፣ አቀማመጥ፣ አለመጣደፍና ሥራውን የሚያውቅ እጅ ሆኖ ይገኛል። አራቱንም ያለ ገንዳ መስጠት ይቻላል፤ የመጨረሻውን እንዲያውም ከውሃ ውጭ አሻሽለን እንሰጠዋለን።

በቅድሚያ ማስረጃው ለውሃው ምን ያህል እንደሚመሰክር እንይ። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ግምገማ 15 ሙከራዎችን ሰብስቦ ሲመረምር፣ በምጥ ጊዜ ሙቅ ውሃ ውስጥ መሆን የጀርባ ማደንዘዣ የሚያስፈልጋቸውን ሴቶች ቁጥር በጥቂቱ እንደሚቀንስ አሳየ፤ በከባድ መቀደድ፣ ማለትም ፊንጢጣው ጡንቻ ድረስ በሚዘልቀው፣ ላይ ግን ግልጽ ልዩነት አላገኘም። በእንግሊዝና በዌልስ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ፑል የተባለ ጥናት ደግሞ ገንዳ የተጠቀሙ ከ60 ሺህ በላይ ወላዶችን መዝገብ አገላብጦ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን እዚያው ውሃ ውስጥ ከወለዱት 4.8 በመቶው፣ ከገንዳው ወጥተው ከወለዱት 5.3 በመቶው በከባዱ እንደተቀደዱ ጻፈ። ጥናቱ የተነሣው ውሃ ውስጥ መውለድ ጉዳት ያመጣ እንደሆነ ለመጠየቅ ነበር፤ አላመጣም። ከዚህ ተነሥቶ ‹‹ውሃ ከመቀደድ ያድናል›› ማለት ግን ቁጥሩ ያልተናገረውን ማናገር ነው። እነዚያ ሴቶች አስቀድሞ ጤነኛ እርግዝና ያላቸው ተብለው የተመረጡ፣ አጠገባቸው የማትለይ አዋላጅ የነበረቻቸው ናቸው። ገንዳው ራሱም ቢሆን ከ300 ሊትር በላይ ውሃ ይጠይቃል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሆን ከ15 በላይ ማለት ነው። ያ ሁሉ ተሞቆ፣ 37 ዲግሪ አካባቢ ሳይበርድ ቆይቶ፣ ከዚያ ተደፍቶ ገንዳው በኬሚካል መታጠብ አለበት። ቧንቧው አንዳንድ ቀን ብቻ የሚመጣ ጤና ጣቢያ ይህን ውሃ ቢያገኝ መጀመሪያ እጅ ቢታጠብበት ይሻለዋል።

ታዲያ ሴቲቱን የሚቀድዳት ምንድን ነው? በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለው ሥጋ፣ እኛ ፔሪኒየም የምንለው፣ ጊዜ ከተሰጠው በሚያስገርም መጠን ይለጠጣል። የሕፃኑ ራስ አገጩን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲመጣ የሚያልፈው ስፋት 9.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አንገቱ ቀና ካለ ወደ 11.5 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። የ2 ሴንቲ ሜትሩ ልዩነት የሚወሰነው ራሱ በሩ ላይ ደርሶ ምጡ ሲበርድ ወደ ኋላ መመለሱን ባቆመባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ነው። በተለመደው አሠራራችን ደግሞ ግርግሩ የሚነሣው በእነዚያው ደቂቃዎች ነው። ሴቲቱ በጀርባዋ ተንጋላ፣ እግሮቿ ተይዘው፣ ሦስት ሰው በአንድ ድምፅ ‹‹ግፊ! ግፊ! አታቋርጪ!›› ይላታል፤ አንዱ ሆዷን ከላይ ይጫናል፤ መቀሱም ተዘጋጅቷል። ገንዳ ውስጥ ያለችን ሴት ግን ሆዷን መጫን አይመችም፣ መቀስ ማስገባት ያስቸግራል፣ እግሯን የሚይዝላትም የለም። እንደ እኔ ግምት የውሃው ትልቁ ውለታ የአዋላጇን እጅ ማሰሩ ነው። ይህ ከሆነ ደግሞ እጃችንን ያለ ውሃም መሰብሰብ እንችላለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የምጥና ወሊድ መመሪያ ሆድ መጫንን አይመክርም፤ ሴቲቱ የራሷን ስሜት ተከትላ እንድትገፋና የሚመቻትን አቀማመጥ እንድትመርጥ ግን ይመክራል።

ሙቀቱን ለመተካት የሚያስፈልገው ፔርሙዝና ንጹሕ ጨርቅ ነው። በአውስትራሊያ 717 የመጀመሪያ ልጅ ወላዶች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ሙከራ፣ ራሱ ፔሪኒየሙን መግፋት ሲጀምር ሙቅ ጨርቅ ከተደረገላቸው 4.2 በመቶው፣ ካልተደረገላቸው 8.7 በመቶው ከባድ መቀደድ እንዳጋጠማቸው አሳይቷል። ስፌት ያስፈለጋቸው ሴቶች ቁጥር ግን አልቀነሰም፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ጨርቁ ትንንሹን መቀደድ አላስቀረም፣ ያስቀረው ፊንጢጣ ድረስ የሚዘልቀውን ነው። ከዚያ በኋላ በኮክሬን የተሰበሰቡት ሙከራዎችም ወደዚያው ያመለክታሉ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ፈልቶ የነበረ ውሃ ከፔርሙዝ ወደ ንጹሕ ሳህን ይቀዳል፣ ለብ እስኪል በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ ይበረዛል፣ ጨርቁ ተነክሮ ይጨመቃል፤ መጀመሪያ በአዋላጇ የእጅ አንጓ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ይሞከራል፤ እዚያ ላይ የሚለበልብ ከሆነ ሴቲቱም ጋ ይለበልባል። ምጡ ሲመጣ ይያዛል፣ ሲበርድ ይነሣል፣ ከፊንጢጣ በኩል ሰገራ ከነካው ይጣላል፣ ሌላ ይተካል። ማደንዘዣ የተወጋች ሴት ላይ አይደረግም፤ መቃጠሏን አትነግረንምና። ደሎ መና ቆላ ነው፣ ሙቀት ምን ይጨምራል የሚል አይጠፋም። የክፍሉ ሙቀትና የሥጋው ሙቀት ግን ለየቅል ናቸው፤ ደም ወደ ቆዳው እንዲመጣና ሥጋው እንዲላላ የሚያደርገው እዚያው ላይ የሚያርፈው ጨርቅ ነው። ችግሩ ይልቅ ጎባ ላይ ነው፣ በዚያ ብርድ ሳህኑ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ፔርሙዙን አጠገብ አድርጎ ቶሎ ቶሎ መለወጥ ይጠይቃል። የልምድ አዋላጆች ቅቤ ቀብተው ማሸታቸውም ከዚሁ ሐሳብ የራቀ አልነበረም፤ የጎደለው የእጁ ንጽሕና ነበር።

እጅን በተመለከተ ሙያው ራሱ አልተስማማም። በእንግሊዝ 5,471 ሴቶች የተሳተፉበት እ.ኤ.አ. የ1998 ሙከራ ራሱን በእጅ መያዝንና እጅን አዘጋጅቶ መጠበቅን አወዳድሮ በመቀደድ ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላየም። ኖርዌይ ግን ለአዋላጆች ፔሪኒየምን በእጅ መደገፍን መልሳ ስታስተምር ከ4 እስከ 5 በመቶ የነበረው ከባድ መቀደድ በሠለጠኑት ሆስፒታሎች ወደ 1 እና 2 በመቶ ወርዷል። የኖርዌይ ውጤት በፊትና በኋላ ተነጻጽሮ የተገኘ እንጂ በዕጣ የተመደበ ሙከራ ስላልሆነ ሙሉ በሙሉ የእጁ ውጤት ነው ማለት ያስቸግራል፤ ከእጁ ጋር ትኩረቱም ተቀይሯል። ቢሆንም እኔ በእጅ ወደሚደግፉት አደላለሁ። ግራ እጅ ራሱን ሳያፍን ፍጥነቱን ይቆጣጠራል፣ ቀኝ እጅ ፔሪኒየሙን ከታች ይደግፋል፣ ዓይን ደግሞ የሥጋውን ቀለም ያያል፤ መንጣትና ማብረቅረቅ ከጀመረ ሴቲቱ መግፋት ትታ በአፏ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች። ገንዳ ውስጥ ይህን ማየትም መያዝም ከባድ ነው፤ በዚህ በኩል የእኛ አልጋ ይበልጣል። እዚህ ላይ ሥልጠናዎች የሚረሱት አንድ ነገር አለ። በደሎ መና አብዛኛዋ ወላድ ኦሮምኛ ተናጋሪ ናት፤ ከሌላ አካባቢ ተመድባ የመጣች አዋላጅ ‹‹ሱታ፣ ሱታ›› ብላ ቀስ እንድትል መንገር ካልቻለች፣ ያ ሁሉ የእጅ ጥበብ ሴቲቱ በሙሉ ኃይሏ በምትገፋባት አንዲት ቅጽበት ይፈርሳል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ‹‹ቀስ ስንል ልጁ ቢታፈንስ?›› የሚለው ነው። ከደሎ መና ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ለመድረስ የሐረና ደንን አቋርጦ፣ በሪራ አልፎ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን የሳነቴን አምባ መውጣት ያስፈልጋል፤ መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጉምና ብርድም አለው። ይህን መንገድ የሚያስብ አዋላጅ ልጁን ቶሎ አውጥቶ መገላገል ቢመኝ አይፈረድበትም። ነገር ግን እየጠየቅን ያለነው ምጡን በሙሉ ማዘግየት አይደለም፤ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ግፊቶች እንጂ። በግፊት ጊዜ የልጁ የልብ ምት በየ5 ደቂቃው ይደመጣል፤ ደህና እስከሆነ ድረስ ለመጀመሪያ ልጅ እስከ 3 ሰዓት፣ ለቀጣዮቹ እስከ 2 ሰዓት መግፋት በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በጤነኛው ክልል ውስጥ ነው። ልቡ ከወረደና ካልተመለሰ መቀሱ ሥራ አለው፤ ኤፒዚዮቶሚ፣ ማለትም ፔሪኒየሙን መሰንጠቅ፣ ክልክል አይደለም። ስሕተቱ ሁሉንም የመጀመሪያ ልጅ ወላድ መሰንጠቁ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ሲያስፈልግ ብቻ መሰንጠቅ ከባድ ቁስልን በ30 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አግኝቷል። የሳነቴው መንገድም ቢሆን ከእኔ ክርክር ጋር ነው የሚቆመው፤ የፊንጢጣው ጡንቻ የተቆረጠባትን እናት በብቃት የሚሰፋ ባለሙያ በቅርብ ከሌለ፣ በዚያ መንገድ የምትጫነው እሷ ናት።

ሌላው ሙግት ግርዛትን ይመለከታል፦ ‹‹የእኛ ሴቶች ጠባሳ ስላለባቸው አይለጠጡም፣ መሰንጠቅ ግድ ነው።›› እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያት 65 በመቶው መገረዛቸውን መዝግቧል፤ ጠባሳ እንደ ጤነኛ ሥጋ አለመለጠጡም እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ6 የአፍሪካ አገሮች ከ28 ሺህ በላይ ወላዶችን ያጠናውና እ.ኤ.አ. በ2006 በላንሴት የታተመው ሥራም የተገረዙት ለደም መፍሰስና ለኦፕራሲዮን የበለጠ እንደሚጋለጡ አረጋግጧል። ይሁንና በ2016ቱ ጥናት ከተገረዙት ውስጥ ብልታቸው የተሰፋው 7 በመቶ ገደማ ናቸው። የተሰፋችው ሴት የሚያስፈልጋት በፊት በኩል ጠባሳውን የሚከፍት የሠለጠነ እጅ ነው፤ በጎን መሰንጠቅ ችግሯን አይነካውም። ለቀሩት ጠባሳ ማለት የበለጠ ሙቀትና የበለጠ ጊዜ የሚፈልግ ሥጋ ማለት ነው፤ ያው ጨርቅ፣ ያው ዝግታ። የሴቲቱን ሁኔታ ለማወቅ ደግሞ በእርግዝና ክትትል ላይ በአክብሮት መጠየቅና ማየት ይገባል፤ ምጥ ላይ ሆና መደንገጥ ለማንም አይበጅም።

‹‹አንድ አዋላጅ ለሁለት ሦስት ወላድ ናት፣ ማን ጨርቅ ይይዛል?›› ለሚለው አጥጋቢ መልስ የለኝም። ከፊሉን የሴቲቱ እናት ወይም እህት ልትይዝ ትችላለች፤ ብዙ ቦታ በር ላይ የምናስቀራቸውን ሰዎች ብናስገባ ውሃ የሚያቀብል እጅ እናገኛለን። አቀማመጡም ረዳት ሠራተኛ አይጠይቅም። በጎን መተኛት ወይም መንበርከክ፣ እናቶቻችን በቤት ሲወልዱ ያውቁት የነበረ፣ የማዋለጃ አልጋው ያስረሳን ነገር ነው። ብቻ እዚህም ጥንቃቄ አለ፦ በኮክሬን ግምገማ ቀጥ ብለው የወለዱት መሰንጠቅ ቢቀርላቸውም ቀለል ያለው መቀደድ ግን በጥቂቱ ሊበዛ እንደሚችል ታይቷል፤ ስለዚህ ለመጨረሻዎቹ ግፊቶች እኔ በጎን መተኛትን አስቀድማለሁ።

ይህ ሁሉ በደሎ መና ይሠራ እንደሆነ የሚታወቀው በወሊድ መዝገባችን ነው፤ መዝገቡ ደግሞ እንደ ምርመራው ነው። ከወሊድ በኋላ በጥሩ ብርሃን፣ በጓንት፣ አንድ ጣት በፊንጢጣ አስገብቶ ጡንቻውን መዳሰስ ያለበት ፔሪኒየሙ ደህና የመሰለው ሲሆንም ጭምር ነው፤ ከላይ ያለው ቆዳ ሳይቀደድ ውስጡ የተቆረጠ ሊኖር ይችላል። ሦስተኛና አራተኛ ዲግሪ የሚለው፣ ማለትም ከባዱ መቀደድ የሚጻፍበት፣ ዓምድ ዓመቱን ሙሉ ባዶ የሆነበት ጤና ጣቢያ ካለ፣ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስንት ሴቶች በጣት እንደተመረመሩ ነው።